ምክሩ ለስደተኛው፣ ዝምታው ለአሳዳጁ!

ርዕሰ አንቀጽ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ የጉለሌ ሰው በአንድ መንገድ ሁለት ደጆችን ያያል። አንደኛው የአሜሪካ ኤምባሲ ደጅ ነው። እዚያ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ፣ የእናቱን ምርቃት በልቡ ይዞ ቀጠሮውን የሚጠብቅ ወጣት አይጠፋም። ሁለተኛው የሽሮ ሜዳን የሽመና ሱቆች አልፎ ከፍ ሲሉ የሚገኘው የቁስቋም ማርያም ደጅ ነው። ቁስቋም ማለት ደግሞ ሌላ አይደለም፤ እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ፣ በግብፅ ምድር ያረፈችበት ተራራ ስም ነው። ምእመናኑ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾሙት የጽጌ ጾም፣ ኅዳር 6 ቀን የሚያነግሡት በዓል፣ የአንዲት ስደተኛ ቤተሰብ መታሰቢያ ነው። ያቺ ቤተሰብ ፓስፖርት አልነበራትም። ቪዛም አልጠየቀችም።

እንግዲህ ስደትን በስሙ ያነገሠ ደብር ያላት አገር፣ ስደተኛው ሲታፈስ፣ ሲገረፍና በግፍ ሲባረር የሃይማኖት አባቶቿ ምን ይላሉ? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያነሳነው ያለምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነትና በድርቁ ምክንያት በአገሩ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ ሰጥቶ ነበር። ቲፒኤስ የሚባለው ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ይህንኑ ከለላ አነሳለሁ ብሎ አስታወቀ። ኢትዮጵያ ሰላም ሆናለች፣ ሰዎቹ ይመለሱ ነው ነገሩ። ሰላሙን ዋሽንግተን ተቀምጦ ያየው ሰው፣ ከዚህ ተነስቶ በመኪና ጎጃም ወይም ወለጋ ደርሶ ይመለስ ዘንድ ብንጋብዘው ደስ ባለን!

የዚህን ጋዜጣ ትኩረት የሳበው ግን የትራምፕ መንግሥት ውሳኔ ብቻ አይደለም። የዚያው አገር ቀሳውስት ያደረጉት ነው።

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ትራምፕ ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ በዋሽንግተን ካቴድራል የጸሎት ሥነ ሥርዓት ላይ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ማሪያን ባዲ ከመድረኩ ሆነው፣ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ፕሬዚዳንት ለስደተኞች ምሕረት እንዲያደርጉ ለመኑ። ፕሬዚዳንቱ ተቆጡ፣ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። ሴትዮዋ አልጠየቁም። በእነዚያው ቀናት የአሜሪካ መንግሥት የኢሚግሬሽን ፖሊስ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ገብቶ ሰው እንዳይዝ የሚያግደውን የቆየ መመሪያ ሻረ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ሳምንት ሳይሞላ ክስ መሠረቱ። የሲኮች ቤተ መቅደስና አንድ የባፕቲስቶች ኅብረትም ተቀላቀሏቸው። በየካቲት ወር አንድ ዳኛ ለእነዚሁ ለከሳሾቹ እግድ ሰጡ። ሌሎች 27 የክርስቲያንና የአይሁድ ተቋማትም ሌላ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ እነዚህ እንኳ አልቀናቸውም፣ እግዱን ተከለከሉ። ቢሆንም ከሰሱ!

የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ለአሜሪካ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ በጅምላ ማባረርን ነቀፉ። ደብዳቤያቸው ውስጥ ያስታወሱት ደግሞ ያንኑ የኛን ቁስቋም ነው፤ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ቤተሰብ። በሐምሌ መባቻ በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖ ጳጳስ፣ መታፈስን የሚፈሩ ምእመናን እሑድ ቅዳሴ ባይመጡ ግዴታ እንዳይሆንባቸው ፈቀዱ። ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ216 ድምፅ ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞ፣ ሰውን ሳይለዩ በጅምላ ማባረርን እንቃወማለን የሚል መልእክት አወጡ።

ሁሉም የአሜሪካ ሃይማኖተኛ እንዲህ ነው አላልንም። ማባረሩን «ደግ አደረገ» ብሎ የሚያጨበጭበው ፓስተር ብዙ ነው። ነገር ግን ያኛውም ይኼኛውም በአደባባይ ይናገራል። ሕዝቡም ማን ከማን ጋር እንደቆመ ያውቃል።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

በየዐውደ ምሕረቱ፣ በየመስጊዱ፣ በየአዳራሹ ስለ ስደት ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ምንድነው? «ልጆቼ፣ አትሂዱ። ሠርታችሁ በአገራችሁ ተለወጡ። ደላላ አያታላችሁ። ባሕር ይበላችኋል፣ በረሃ ይውጣችኋል።» ምክሩ መጥፎ ነው አንልም። ከልብ የሚናገሩትም ብዙ ናቸው። ግን ልብ በሉ! ምክሩ ሁሉ የሚወርደው በስደተኛው ላይ ነው። አትሂድ የሚባለው እሱ፣ ሰነፍ የሚባለው እሱ፣ ተመልሶ ሲመጣም «ይኸው አላልንም?» የሚባለው እሱ ነው። ያሰረው፣ የደበደበው፣ የተኮሰበት፣ ደመወዙን የበላው፣ እንደ ዕቃ በአውሮፕላን ጭኖ ቦሌ ያራገፈው ወገን ግን በስሙ ሲጠራ አንሰማም። «ወደሽ ከተደፋሽ ቢረግጡሽ አይክፋሽ» የሚለውን የአበው ተረት በቅኔ ለውጠን ብንሰብክ ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር።

እስቲ የሳዑዲን ነገር እናስታውስ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቋል ብሎ አፈሳውን ጀመረ። በሪያድ መንፉሃ ሠፈር ወገኖቻችን ተደበደቡ፣ ተገደሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን ቦሌ ወረዱ። ከእነዚያ መሀል የጉለሌ ልጆች እንደነበሩበት ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. አርብ ነበር። ያን ዕለት የሰማያዊ ፓርቲ አባላትና ሌሎች ዜጎች ይህንን ግፍ ለመቃወም ወደ ሳዑዲ ኤምባሲ ወጡ። ፖሊስ በዱላ ተቀበላቸው፣ የፓርቲውን ሊቀመንበር ጨምሮ ብዙዎችን አሰረ። ሰልፉ ፈቃድ የለውም፣ በዐረቦች ላይ ጥላቻ ያነሳሳል ተባለ። በውጭ በሳዑዲ ፖሊስ የሚደበደብ ወገን አለን ብሎ የጮኸ ሰው፣ በገዛ አገሩ ፖሊስ ተደበደበ ማለት ነው! ቀኑን ግን ልብ ብላችኋል? ኅዳር 6 ነው። የቁስቋም በዓል ነው። ስደተኛዋ እናት በዝማሬና በእልልታ የምትነግሥበት ዕለት፣ «የተሰደዱ እህቶቻችንን አትግደሉብን» ያለ ወጣት በመዲናችን ጎዳና ላይ ደሙ ፈሰሰ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ ሆኑ። ሁለቱን አገናኝቶ የተናገረ ዐውደ ምሕረት ግን አልሰማንም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከሳዑዲ የተባረሩት ኢትዮጵያውያን 260 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ገምቷል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ከሳዑዲ ለመመለስ ከሪያድ ጋር ተስማማሁ አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚዘገንን ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በሞርታር ጭምር እየተኮሱ በመቶዎች የሚቆጠሩትን እንደገደሉ ዘረዘረ። ሪያድ መሠረተ ቢስ ነው አለች። የኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኜ በአፋጣኝ እመረምራለሁ አለ፣ እስከዚያው ያላስፈላጊ መላ ምት ይቅር ብሎም መከረ። ተጠርጣሪውን ይዞ ወንጀሉን መመርመር ይሏል ይሄ ነው! ለመሆኑ ከሃይማኖት አባቶቻችን መሀል «ያ ምርመራ የት ደረሰ?» ብለው በአደባባይ የጠየቁት እነማን ናቸው?

አባቶቻችን መናገር አይችሉም እንዳንል ደግሞ ማስረጃው ይቃወመናል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ በሊቢያ ወገኖቻችንን ሲያርድ ቅዱስ ሲኖዶስ ሰማዕታት ናቸው ብሎ አወጀ። ሙስሊሙም ድርጊቱን አወገዘ፣ አገር በአንድነት አለቀሰ። እነዚያ ልጆች ማን ነበሩ? ከቂርቆስና ከየሠፈሩ የወጡ፣ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው፣ ባሕር ሊሻገሩ የነበሩ ስደተኞች ነበሩ። ያኔ «ለምን ሄዱ?» ያለ አልነበረም። ታዲያ ገዳዩ ኤምባሲ የሌለው ሽፍታ ሲሆን የሚሰማው ድምፅ፣ ገዳዩ ኤምባሲና ነዳጅ ያለው መንግሥት ሲሆን ለምን ይዘጋል?

በሃይማኖቱ ምክንያት የተባረረም አለ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፣ 29ኙ ሴቶች፣ ተይዘው ታስረዋል። የታሰሩት ስለጸለዩ ነው። ለእነዚህ እንኳ ከኛ ይልቅ የባዕድ አገር የመብት ድርጅቶች ጮኹላቸው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። አንደኛው «ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም» የሚል ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ይጠቅሱልናል። ይገርማል! መንግሥት የሃይማኖት መሪ ሲመረጥ እጁን ሲያስገባ ይህች አንቀጽ ተኝታ ትሰነብትና፣ አንድ ቄስ ወይም ሸኽ ለተበደለ ሊናገር አፉን ሲከፍት ብድግ ትላለች። ለእስረኛ ምሕረት መለመን ሥልጣን መሻማት አይደለም። ከፖለቲካ በፊት የነበረ የክህነት ሥራ ነው።

ሁለተኛው «እያንዳንዱ አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው» የሚለው ነው። እኛም አለው እንላለን። ሳዑዲም አሜሪካም ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ የመወሰን መብት አላቸው። መግደልና መዝረፍ፣ ጉዳዩን ሳይሰሙ ማባረር፣ እናትን ከልጇ መነጠል፣ ወደ ጦርነት መልሶ መወርወር ግን ከዚህ መብት ውስጥ አይደለም። የአሜሪካ ጳጳሳትም ቢሆኑ ድንበር ይፍረስ አላሉም።

ሦስተኛው ያልተነገረው መልስ ፍርሃት ነው። ይህንን አንንቀውም። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በ2013 ዓ.ም. በተሰራጨ የቪዲዮ መልእክታቸው ስለ ትግራይ እንዳልናገር ታፍኛለሁ ብለዋል። ፓትርያርክ ከታፈነ የአጥቢያው ቄስ ምን ያድርግ? ቢሆንም «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መኖር ለነጋዴ ያዋጣ ይሆናል እንጂ ለእረኛ አያዋጣም። ቀን የሚጥለው ምእመን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ ፊቱን ማዞሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። እስካሁን ያወራነው ሌሎች በኛ ላይ ስላደረጉት ነው። እኛስ?

በሰኔ 1990 ዓ.ም.፣ የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ የኢሕአዴግ መንግሥት የኤርትራ ተወላጅ ያላቸውን ሰዎች ከየቤታቸው እየለቀመ ማባረር ጀመረ። በጦርነቱ ዓመታት የተባረሩት 75 ሺህ ያህል ይገመታሉ። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ዕቁብና ዕድር ጠጥተው፣ እዚሁ ግብር ከፍለው የኖሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙም ነበሩባቸው። ሱቃቸው ታሸገ፣ ልጅና እናት ተለያየ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የዓይኑ ቀለም ያላማረንን የውጭ ዜጋ የማስወጣት መብት አለን እስከማለት ደረሱ። የአስመራ መንግሥትም በበኩሉ ኢትዮጵያውያንን በአሥር ሺህዎች አባረረ። በዚህች ከተማ በየቀበሌው ጎረቤት ጎረቤቱን በሌሊት ሲወስዱት በመስኮት አየ። ዕድርተኛው ቤት ተዘጋ። በማግስቱ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ሶላቱ ተሰገደ።

በዚያ ዘመን የሁለቱ አገሮች የሃይማኖት መሪዎች በኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ድርጅት አገናኝነት በኅዳር 1991 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ ተገናኝተው ስለ ሰላም መክረዋል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም። ተመስገን ነው፣ እናከብርላቸዋለን። ግን ስለ ጎረቤት ለመነጋገር ኦስሎ ድረስ መሄድ ነበረብን?

ዛሬስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች፣ ኢትዮጵያ በሰኔ ወር ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንን አስራ ያለ ሕግ ሂደት እንዳባረረች የሚገልጹ ሪፖርቶች አሳስበውናል አሉ። ወደ የት? ከብሔራዊ ውትድርና አምልጠው ወደ ወጡበት አገር! በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኛው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 እኮ፣ ማንም ስደተኛ ሕይወቱና ነፃነቱ አደጋ ወደሚደርስበት ቦታ እንዳይመለስ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ዓለም አጨበጨበልን። ሰው ሲባረር ግን የጮኸው ማን ነው? ጄኔቫ ጮኸች፤ አራት ኪሎና አንዋር ዝም አሉ።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ቤት የተከራየውን ኤርትራዊ ፖሊስ ሲወስደው ዝም ያለ ዐውደ ምሕረት፣ ነገ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን የጉለሌን ልጅ ሲያባርሩ «ግፍ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ግፍ የሚሆነው በኛ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ ስሙ ግፍ ሳይሆን ወገንተኝነት ነው። የጳጳስ ባዲ ቃል ክብደት ያገኘው የራሳቸውን መንግሥት፣ የራሳቸውን ፕሬዚዳንት፣ ፊት ለፊት ስለተናገሩበት ነው። የሌላውን አገር ንጉሥ መገሠጽማ ማን ያቅተዋል!

ይህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን አይደለም። የኛው ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ አሳዳጆች ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩ፣ የቤተ መንግሥቱንም ሹማምንት ስጦታ አቀመሱ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ያመለጡብንን ሰዎች አስረክቡን። በዛሬ ቋንቋ «ዲፖርት አድርጉልን» ነው። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው ስጦታ የቀመሱት ሹማምንት «ይሰጧቸው» አሉ። ንጉሡ ግን ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም አለ። የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጃዕፈር ተናገረ፣ ስለ ማርያም የሚያወሳውንም የቁርአን ክፍል አሰማ። ንጉሡ አለቀሰ። ስጦታው ተመለሰ፣ ሰዎቹ ቀሩ። በየበዓሉ «የነጃሺ አገር ነን» እያልን የምንፎክርበት ታሪክ ይኸው ነው። ሦስት ነገር ልብ ይባል። ንጉሡ አስቀድሞ ሰማ። ስጦታውን መለሰ። ሃይማኖታቸው ከሃይማኖቱ የተለየውን ሰዎች አስጠጋ።

በክርስትናውም ቢሆን እንዲሁ ነው። አክሱም ጽዮንን የመሳሰሉ ገዳማትና አድባራት ለተሳደደ ሰው መማጸኛ ነበሩ። ቅጥሩን የረገጠ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ አሳዳጁ እጁን አይጭንበትም ነበር። አሜሪካኖች ዛሬ በፍርድ ቤት የሚከራከሩበትን ነገር አባቶቻችን በደወል ጨርሰውታል።

እንግዲህ ይህ ጋዜጣ የሚለው አጭር ነው።

የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ፣ ኦርቶዶክሱ፣ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ካቶሊኩ፣ መካነ ኢየሱስና ሌሎቹ ወንጌላውያን በአንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ተባረሩትና ስለ ተገደሉት በአደባባይ መግለጫ ያውጡ። መግለጫው «ልጆች አትሂዱ» የሚል አይሁን፤ ያ በቂ ተብሏል። ለሳዑዲ መንግሥት፣ ለአሜሪካ መንግሥትና ለራሳችን መንግሥት በስማቸው የተጻፈ ይሁን። የድንበሩ ግድያ ምርመራ የት እንደደረሰ መንግሥትን ይጠይቁ። በአዲስ አበባ የሚታሰሩ ኤርትራውያንንና ሌሎች ስደተኞችን ሄደው ይጎብኙ፤ በራቸው ላይ ቢከለከሉ እንኳ መከልከላቸውን ለሕዝብ ይናገሩ። የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና የየመስጊዱ ኮሚቴ በሠፈሩ ማን እንደተሰደደ፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን ድምፁ እንደጠፋ መዝግቦ ይያዝ። ለእናቶቹም «በርቱ» ከማለት አልፎ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፣ ቢሮ ለቢሮ ይሂድላቸው።

ለጉለሌ አባቶችና ሸኾች ደግሞ ለብቻ የምንለው አለን። ኤምባሲው ደጃችሁ ነው። ሰልፍ ጥሩ አላልናችሁም። አንድ ደብዳቤ ግን ከቁስቋም ተነስቶ በእግር የሚደርስበት ርቀት ላይ ነው። በከተማው ካሉ ደብሮች ሁሉ ስለ ስደተኛ ለመናገር ከእናንተ የቀረበ ስም ያለው ማን ነው? የሚመጣው ኅዳር 6 ሲደርስ ታቦቱ ሲወጣ፣ በሪያድ፣ በሊቢያ፣ በየመን ድንበር የወደቁት ልጆች ስም ይጠራ። ከነሱም ጋር ከጉለሌ በሌሊት የተወሰዱት ጎረቤቶቻችን ይታሰቡ። ማን እንዳሰደዳቸውም አብሮ ይነገር።

ሄሮድስን ሳይጠሩ የእመቤታችንን ስደት መስበክ አይቻልም። የቁረይሾችን ስም ሳያነሱ የነጃሺን ደግነት ማውራት አይቻልም። የዛሬዎቹን አሳዳጆች ስም ዘሎ ስለ ዛሬው ስደተኛ መስበክም እንዲሁ ነው። ምእመኑ ምክሩን ጠግቧል፣ አሁን የሚጠብቀው ምስክርነት ነው!